ጣሊያን ላይ የ24 ዓመት ሰው የተባለው የ16 ዓመቱ ወንድሜ

ታላቅ እህት (ጀርመን)
ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ መድረክ ላይ ሁለት ዓመት ያህል ሳነብ ኖሬያለሁ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ታናሽ ወንድሜ በሰኔ ወር ከሊቢያ በጀልባ የጣሊያን ደሴት ወደሆነችው ላምፔዱዛ ደረሰ። እዚያው አሻራ ሰጠ። በሐምሌ መጨረሻ እኔ ወዳለሁበት ወደ ጀርመን መጥቶ ጥገኝነት ጠየቀ። እኔ እዚህ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፣ እሠራለሁ። ባለፈው ሐሙስ ካምፑ ድረስ ቢጫ ፖስታ መጣለት። ውስጡ ያለው ጥራዝ ሲጨመቅ፣ ጉዳይህን የምታየው ጣሊያን ናት፤ ወደዚያ ትተላለፋለህ የሚል ነው።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ወንድሜ የተወለደው ጳጉሜ 3 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። የሩፋኤል ዕለት። እናታችን ምጥ ላይ ሳለች የሰፈሩ ልጆች ዝናቡ ውስጥ እየጮኹ ይሯሯጡ እንደነበር እኔ ራሴ አስታውሳለሁ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነበርኩ። ላምፔዱዛ ላይ መቼ ተወለድክ ሲሉት “2001” ብሎ መለሰ። ወሩን ሲጠይቁት ጳጉሜ አለ። መዝጋቢው ጳጉሜ ምን እንደሆነ ከየት ይወቅ? 01.01.2001 ብሎ ጻፈለት። ስለዚህ በወረቀቱ 24 ዓመቱ ነው። እዚህም ሲመዘገብ ያችኑ ወረቀት አሳየ፤ ከትልልቅ ወንዶች ጋር አንድ ክፍል ሰጡት። ገና ጢም እንኳ አላበቀለም።

አሻራ ከሰጠ በቃ አለቀ ማለት ነው? ዕድሜውን ማስተካከልስ ይቻላል? ጠበቃ ለመያዝስ ስንት ቀን አለን?

የቀድሞ አስተርጓሚ (ፍራንክፈርት)
ኅዳር 13 ቀን፣ ማታ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ፖስታውን እንዳትጥይው። ወረቀቱን ማለቴ አይደለም፤ ቢጫውን ፖስታ ራሱን። ፖስተኛው ያደረሰበትን ቀን በእጁ ጽፎበታል። ለፍርድ ቤት አቤት የምትሉበት አንድ ሳምንት የሚቆጠረው ወንድምሽ ካነበበበት ወይም አንቺ ከሰማሽበት ቀን ሳይሆን እዚያ ላይ ከተጻፈው ቀን ነው። ሐሙስ ኅዳር 11 ተብሎ ከሆነ የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ኅዳር 18፣ በነሱ ኖቬምበር 27 ነው።

በዚህ አንድ ሳምንት ውስጥ አስተዳደር ፍርድ ቤት የሚገባው ወረቀት ሁለት ነው፦ ክሱና አስቸኳይ ማመልከቻው። ብዙ ሰው ክሱን ብቻ አስገብቶ እፎይ ይላል። ክስ ብቻውን አውሮፕላን አያቆምም። አስቸኳይ ማመልከቻው በጊዜ ከገባ ግን ዳኛው እስኪወስን ድረስ ሊያስተላልፉት አይችሉም። ጠበቃ ብታጡ እንኳ ፍርድ ቤቱ ውስጥ ማመልከቻ በቃል ተቀብሎ የሚጽፍ ሠራተኛ አለ። ውሳኔውንና ፖስታውን ይዛችሁ ሰኞ ጠዋት ሂዱ።

አሁን ወደ አሻራው ልምጣ። እኛ ሰዎች ደብሊንን፣ የጥገኝነት ጥያቄን የትኛው የአውሮፓ አገር እንደሚያይ የሚወስነውን ሕግ ማለት ነው፣ “አሻራ የሰጠህበት አገር ነው” በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰነዋል። ሕጉ እንዲህ አይልም። አሁን የሚሠራበት ሦስተኛው ደብሊን፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ማለት ነው፣ ኃላፊው አገር የትኛው እንደሆነ የሚለይበት ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የሚታየው ብቻውን የመጣ ልጅ መሆኑ ነው። ቀጥሎ ቤተሰብ። ከዚያ ቪዛና የመኖሪያ ፈቃድ። በባሕር ወይም በድንበር ሾልኮ የገባበት አገር የሚመጣው እነዚህ ሁሉ ከሌሉ ነው። አንቀጽ 8 ደግሞ ብቻውን የመጣ ልጅ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ወንድም ወይም እህት ካለው፣ ለልጁ የሚበጅ እስከሆነ ድረስ፣ ኃላፊው እህቱ ያለችበት አገር ነው ይላል። እህቱ አንቺ ነሽ። አገሩ ጀርመን ነው።

ስለዚህ የወንድምሽ ጉዳይ የጣሊያንና የጀርመን ጉዳይ ሳይሆን የ2001 ጉዳይ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ከተስተካከለ የተቀረው አብሮ ይፈርሳል።

ነፋስ ስልክ
ኅዳር 14 ቀን

ይህን ሁሉ መከራ ምን አመጣው? ልጁን ስድስት ወር ዘመድ ቤት አስቀምጪው። ስድስት ወር ካለፈ ጀርመን ትረከበዋለች። እኔ የማውቃቸው አራት ልጆች እንዲህ ነው የተረፉት።

ካስል የነበርኩ
ኅዳር 14 ቀን

ወንድሜ ነፋስ ስልክ፣ በቅን ልብ እንደጻፍከው አውቃለሁ፤ ግን ይህች ምክር እኔን አንድ ዓመት ተኩል አስከፍላኛለች። ስለዚህ ዝም ማለት አልችልም።

ስድስት ወሩ፣ ማለትም ሰውን ወደ ሌላው አገር ለማስተላለፍ የተሰጠው ጊዜ፣ እውነት ነው። የሚቆጠረው ግን በአድራሻው ለተገኘ ሰው ነው። ካምፑን ሳታሳውቅ ለቀህ ከጠፋህ “ተሰውሯል” ተብሎ ይጻፍብህና ስድስቱ ወር አሥራ ስምንት ይሆናል። እኔ ጓደኛዬ ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋ ላይ፣ መጋረጃ ዘግቼ አምስት ወር ከሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። የቀን መቁጠሪያ ግድግዳው ላይ ሰቅዬ በየቀኑ እሰርዝ ነበር። ስድስት ወር የሞላ ዕለት ጓደኞቼ ጠጅ ይዘው መጡ፤ ጠጣን፣ ጨፈርን። ሰኞ በኩራት ቢሮ ሄድኩ። ሴትየዋ ኮምፒውተሯን አየችና ገና አሥራ ሁለት ወር ይቀርሃል አለችኝ። ጀርመንኛው ባይገባኝም የጣቷ ቁጥር ገብቶኝ ነበር።

በኋላ ያተረፈችኝ አንዲት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ናት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጠለል ከመደበቅ የሚለየው፣ ቄሱ የገባህ ዕለት አድራሻህን ለባለሥልጣኖቹ መጻፋቸው ነው። የት እንዳለህ የሚያውቁ ከሆነ ተሰውሯል ሊሉህ አይችሉም። እኔ ግን የገባሁት ከጠፋሁ በኋላ ስለነበር አሥራ ስምንቱን ወር ቆጥሬ ጨርሻለሁ።

የቀድሞ አስተርጓሚ (ፍራንክፈርት)
ኅዳር 14 ቀን

ካስል የነበርከው፣ ስለጻፍከው እናመሰግናለን። አንድ ልጨምር፤ አዲሱ የአውሮፓ ሕግ ከ2026 አጋማሽ ጀምሮ ሲሠራ ለተሰወረ ሰው አሥራ ስምንቱ ወር ሦስት ዓመት ይሆናል። ያኔ ሶፋው ይጠባል።

ደግሞም ስድስቱን ወር የምትቆጥሩ ሁሉ አስተውሉ። የሚጀምረው ጣሊያን እሺ ካለችበት ቀን ነው፤ በጊዜው መልስ ካልሰጠች ደግሞ ዝምታዋ እንደ እሺታ ይቆጠራል። አስቸኳይ ማመልከቻ አስገብታችሁ ከተሸነፋችሁ ግን ቆጠራው ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ እንደገና ይጀምራል። ይህን አውቃችሁ ግቡ። ለታላቅ እህት ጉዳይ ግን መግባት አለበት፤ የዕድሜውን ማስረጃ የሚያይ ዳኛ ያስፈልጋታል።

ቦሎኛ ዘጠኝ ዓመት
ኅዳር 14 ቀን

ሁላችሁም ጣሊያንን እንደ ሲኦል ነው የምታወሩት። እኔ ቦሎኛ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ወረቀት የሰጠችኝ ጣሊያን ናት፣ ልጆቼ እዚህ ይማራሉ። እርግጥ ነው፣ የመጀመሪያውን ክረምት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካርቶን ላይ አድሬያለሁ። የከፋኝ ግን ብርዱ ሳይሆን ጠዋት ጠዋት የሚያልፉት ልጆች “ጀርመን ሂድ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ” የሚሉኝ ነበር። ጀርመን የሄዱትም ጓደኞቼ በአውሮፕላን ተመልሰው ወደ እኔው ካርቶን መጡ።

ጣሊያን ለምን እንደተቆጣችም ተረዱ። ጀልባው የሚደርሰው የትም ሳይሆን እሷ ዘንድ ነው። ያለፈቃድ መጀመሪያ የገባህባት አገር ትያዝህ የሚለው ሕግ ሲጻፍ፣ ባሕር የሌላት ኦስትሪያና ላምፔዱዛ ያላት ጣሊያን እኩል ሊሸከሙ ነው ማለት ቀልድ ነው። ለዚህ ነው በዲሴምበር 2022 መጠለያ የለኝም ብላ በደብሊን የሚመለሱትን አልቀበልም ያለችው። ከዚያ ወዲህ ከጀርመን የሚመለሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ጀርመን ትጽፋለች፣ ጣሊያን ዝም ትላለች፣ ስድስት ወር ያልፋል። መሐል ላይ የሚያረጀው ግን ሰዉ ነው።

ከስቶክሆልም
ኅዳር 15 ቀን

የማይወደድ ነገር ልናገር ነው፤ ስድብ የሚጽፍ ካለ አልመልስም።

ሁሉም ሰው የሚወደውን አገር ይምረጥ ከተባለ ሁሉም የሚመርጠው አራት ወይም አምስት አገር ነው። ስዊድን በ2015 ብቻ ወደ 163 ሺህ የሚጠጋ የጥገኝነት ማመልከቻ ተቀብላለች፤ ያን ጊዜ እዚህ ነበርኩ፣ ሰዉ በየስፖርት አዳራሹ ፍራሽ ላይ ይተኛ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ድንበሯን አጠበበች፣ ከዚያ ወዲህም እየባሰ ሄደ። ዛሬ የሚመጣው ሰው የዚያን ዕዳ ይከፍላል። የሚያከፋፍል ሕግ መኖሩ ለስደተኛውም ይበጃል። ሕጉ መጥፎ ከሆነ ሕጉን አስተካክሉ፤ ሕግ አይኑር ማለት ግን ከአሁኑ ይብሳል። በዚያ ላይ ደብሊን ሰውን የሚልከው ወደ ሞት አይደለም፤ ወደ ጣሊያን ነው።

ጠይም ቡና
ኅዳር 15 ቀን

ጋሼ ስቶክሆልም፣ ስድብ አልጽፍም። ግን “ወደ ጣሊያን ነው” ሲሉ፣ ግሪክም አውሮፓ ነበረች። በጃንዋሪ 2011 የስትራስቡርጉ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት፣ ቤልጂየም አንድ አፍጋኒስታናዊ ወደ ግሪክ መላኳ የሰብአዊ መብት ጥሰት ነው ብሎ ፈረደ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ግሪክ መላክ ለዓመታት ቆመ። ሕግ አለ ማለት ሕጉ የሚልክበት ቦታ አልጋ አለ ማለት አይደለም።

ለንደን ደቡብ
ኅዳር 15 ቀን

እኛ ደግሞ ከደብሊን ወጥተን ያየነውን ጠይቁን። እንግሊዝ በ2020 መጨረሻ ከሕጉ ወጣች። ከዚያ በኤፕሪል 2022 ከሩዋንዳ ጋር ተፈራረመች። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ደብሊን “ጉዳይህን ጣሊያን ትየው” ይላል፤ የሩዋንዳው ስምምነት ግን “ጉዳይህን ኪጋሊ ትየው፣ ብትፈቅድልህም እዚያው ኑር” ነበር። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ማታ አውሮፕላኑ ሞተሩን አሙቆ ቆሞ ሳለ በስትራስቡርግ ትእዛዝ ተሰረዘ። ያን ዕለት ማታ ሁላችንም ቤት ስልክ እንደያዝን ነበር። በኖቬምበር 2023 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ዳኞች በአንድ ድምፅ ሕገ ወጥ ነው አሉ፤ ፓርላማው ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ሩዋንዳ ደህና አገር ናት የሚል ሕግ አወጣ። አዲሱ መንግሥት በጁላይ 2024 እስኪሰርዘው ድረስ ሄዱ የተባሉት አራት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም በፈቃዳቸው። የወጣው ገንዘብ 700 ሚሊዮን ፓውንድ ተባለ። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ዘንድሮ ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር “አንድ ይመለስ፣ አንድ ይምጣ” ተባብለው ጀምረዋል። መጀመሪያ ከተመለሱት መካከል አንዱ ኤርትራዊ ነው።

ደቡብ ቴል አቪቭ
ኅዳር 15 ቀን፣ ሌሊት

ሩዋንዳ ሲባል ስለሰማሁ ነው የምገባው። የለንደን ዳኞች ያነሡት አንዱ ማስረጃ የእኛ ሰፈር ታሪክ ነው። ከ2013 ገደማ እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ እዚህ ለኤርትራውያንና ለሱዳናውያን የሚሰጠው ምርጫ፣ ወይ በረሃ ውስጥ የነበረው ሆሎት የሚባል የስደተኞች ማቆያ መግባት፣ ወይ 3,500 ዶላርና የአንድ አቅጣጫ ትኬት ይዞ ሦስተኛ አገር መሄድ ነበር። “በፈቃዱ ሄደ” ይባላል። ፎቅ ላይ ከእኛ በላይ ይኖር የነበረ ልጅ ሄደ። እናቴ ቆሎ ቋጥራ ሰጠችው። በአራተኛው ቀን ደወለ፤ ኪጋሊ ይሆናል ብለን ስንጠብቅ ካምፓላ ነበር። ወረቀቱን አየር ማረፊያ ተቀበሉት፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሌሊት አሳደሩት፣ ከዚያ ሌሊት በመኪና ድንበር አሻገሩት። ዶላሩም አብዛኛው ለአሻጋሪዎቹ ሄደ።

ስቶክሆልም እንዳሉት ሕግ መኖሩ ጥሩ ነው። ይህ ግን ሕግ አልነበረም። ይፋ የሆነ ውል እንኳ አላየንም።

አወያይ
ኅዳር 16 ቀን

ክርክሩ መልካም ነው፤ ግን የታላቅ እህት ሳምንት ሐሙስ ያልቃል። ስለ ዕድሜ ማስረጃ የሚያውቅ ይጻፍ። የሩዋንዳው ጉዳይ ለብቻው ክር ይከፈትለት።

ዲያቆን ነኝ
ኅዳር 16 ቀን

እህታችን፣ የክርስትና ምስክር ወረቀቱ አለ ወይ? ካለ ቀኑን እዪው። ወንድ ልጅ የሚጠመቀው በአርባ ቀኑ ነው። ጳጉሜ 3 ከተወለደ፣ ያ ዓመት ጳጉሜው አምስት ስለነበረ፣ አርባው የሚሞላው ጥቅምት 7 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። ወረቀቱ ላይ ጥቅምት 7 ተብሎ ከተጻፈ፣ ለእኛ ሰው የልደት ቀኑ ሁለት ጊዜ ተጻፈ ማለት ነው። ጀርመናዊ ዳኛ ግን ይህን ከየት ያውቃል? ጠበቃው በአንድ አንቀጽ ያስረዳው። የደብሩን አለቃም ጠይቂ፤ ባሕረ መዝገቡን ፎቶ አንስተው ሊልኩልሽ ይችላሉ።

የቀድሞ አስተርጓሚ (ፍራንክፈርት)
ኅዳር 16 ቀን

የዲያቆኑ ምክር ወርቅ ነው። በተጨማሪ የክትባት ካርድ፣ የስምንተኛ ክፍል ውጤት፣ የቀበሌ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከተገኘም ከአንቺ ጋር የተነሳው የቆየ ፎቶ። አንድ ወረቀት ብቻ ከሆነ ተገዝቷል ሊባል ይችላል፤ አራት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች በተለያየ ዓመት ያወጡት አራት ወረቀት ሲጋጠም ግን ሌላ ነገር ነው። የወጣቶች ጉዳይ ቢሮውም ዕድሜውን እንደገና እንዲመረምርና ሞግዚት እንዲሾምለት በጽሑፍ ጠይቂ። በቃል አትጠይቂ።

ሰው የማያውቀውን ደግሞ ልንገራችሁ። አሻራው የሚገባበት ዩሮዳክ የሚባለው መዝገብ ዛሬ ስምም ልደትም አይዝም። አሻራ፣ ጾታ፣ ቦታ፣ ቀንና ቁጥር ነው ያለው። 2001ን ጀርመን ድረስ ያመጣት ማሽኑ ሳይሆን ወንድምሽ ኪስ ውስጥ የነበረችው ወረቀት ናት። ከጁን 2026 በኋላ ግን አዲሱ ዩሮዳክ ስም፣ የልደት ቀንና የፊት ፎቶ ይመዘግባል፤ አሻራም ከአሥራ አራት ዓመት ሳይሆን ከስድስት ዓመት ጀምሮ ይወሰዳል። ያኔ ላምፔዱዛ ላይ የተሳሳተች ልደት ሄልሲንኪ ድረስ ቀድማህ ትደርሳለች። ስለዚህ በመንገድ ላይ ያለ ዘመድ ያላችሁ፣ የልደቱን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር እንዲሸመድድ ከአሁኑ ንገሩት። ጸሎት እንደሚያስጠኑ አስጠኑት።

ሌላም አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. የሉክሰምበርጉ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ ቤተሰብ የሌለው ልጅ ባለበትና ባመለከተበት አገር ይታይ፣ አታመላልሱት ብሎ ነበር። ጉዳያቸው ከታየው ሦስት ልጆች ሁለቱ ኤርትራውያን ነበሩ። አዲሱ ሕግ ይህን ቀይሮ፣ ለልጁ የሚበጅ ከሆነ መጀመሪያ የተመዘገበበት አገር ይላል። እህት ያለው ልጅ ግን አሁንም እህቱ ዘንድ ነው።

ከስቶክሆልም
ኅዳር 16 ቀን

ስለዚህ ልጅ ከሆነ የተናገርኩት አይመለከተውም። ሕጉ ራሱ ከእህቱ ጋር ነው። ለጠበቃ የሚዋጣ ከሆነ በግል ጻፉልኝ።

ታላቅ እህት (ጀርመን)
ኅዳር 18 ቀን

ማክሰኞ አስገባን! ክሱንም አስቸኳይ ማመልከቻውንም። ጠበቃዋ መጀመሪያ የጠየቀችን ቢጫውን ፖስታ ነው። ወንድሜ አጣጥፎ ጫማው ሳጥን ውስጥ አስቀምጦት ነበር፤ ሳየው አለቀስኩ። የክርስትና ወረቀቱን አክስታችን በስልክ ላከችልን። ጥቅምት 7 ይላል። ዲያቆን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ታላቅ እህት (ጀርመን)
ታኅሣሥ 16 ቀን

ዜና አለኝ። ፍርድ ቤቱ አስቸኳይ ማመልከቻውን ተቀብሏል። ዋናው ክስ እስኪወሰን ድረስ አያስተላልፉትም። ወንድሜ ከካምፑ ወጥቶ የወጣቶች ቤት ገብቷል፤ እንደሱ ያሉ ስድስት ልጆች አሉ፣ አንዱ ጎንደሬ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ቃለ መሐላ የፈጸመው ተርጓሚ የልደት ምስክር ወረቀቱን ሲተረጉም “03.13.2001” ብሎ ጻፈ። የቢሮው ኮምፒውተር አሥራ ሦስተኛ ወር አልቀበልም አለ። ሴትየዋ ሦስት ጊዜ ሞከረችና “የማይኖር ቀን ነው” አለችኝ። ጳጉሜ የሚባል ወር አለን ብዬ ባስረዳት ሳቀች፤ ክፋት አልነበረባትም። ምን ላድርግ?

የቀድሞ አስተርጓሚ (ፍራንክፈርት)
ታኅሣሥ 16 ቀን

እንኳን ደስ ያለሽ! ተርጓሚው ወረቀቱን መልሶ ይውሰድ። ልደቱን “8 ሴፕቴምበር 2009” ብሎ ይጻፍና፣ በግርጌ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜ 3 ቀን 2001 እንደሆነ ያስረዳ። ማህተሙ በሁለቱም ላይ ይረፍ። ድጋሚ ገንዘብ ከጠየቀሽ እንዳትከፍይ፤ ስህተቱ የራሱ ነው።